ልጁ ለጊዜው ውጭ ይቆይ

ፍልሰታ ነው። ጎንደር በነሐሴ እንደምታውቋት ናት፤ ጠዋት የጀመረው ዝናብ አላባራም፣ ከየአድባራቱ የቅዳሴው ዜማ ይሰማል፣ ሆዴን ደግሞ ያለ ምክንያት ባር ባር ይለዋል። ስለ ጾሙ ልጽፍ ነበር የተቀመጥሁት፤ እናቶቻችን ቆመው አስቀድሰው፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምሱ እንዴት እንደሚውሉ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣና ጾሙን አስጣለኝ። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ድካም፣ ቤታቸውን አስይዘው ብሩን ልጃቸው የሚወስደው የብድር ውል የሚያስፈርሟቸውስ?

ውልና ማስረጃ የሚሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጠዋቱ በካርታው ኮፒ፣ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ በሚለው ደብዳቤ፣ በክፍያ ደረሰኝ ያልቅና ፊርማው ወደ 8 ወደ 9 ሰዓት ይገፋል። ያን ጊዜ ሰማንያ የሚጠጋቸው እናት የሚፈልጉት ቤታቸው መግባት ብቻ ነው፤ የቀረበላቸውን ሁሉ ይፈርማሉ። መርሳት የጀመራቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ግራ መጋባቱ ወደ ማታ ይብሳል። ጠዋት ጥርት አድርገው ያወሩ አባት አመሻሽ ላይ የልጃቸውን ስም በወንድማቸው ስም ይጠራሉ። ስለዚህ ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ይሁን፤ ካልተመቸ ከፍልሰታ በኋላ ይሁን። አንድ ሳምንት መታገሥ ያቃተው አበዳሪ ካለ ለምን እንደቸኮለ ይጠየቅ።

ከሁሉ በፊት ግን ልጁ ይውጣ። ልጁ ካልሆነም የወንድም ልጁ፣ ጎረቤቱ፣ «እንደ ልጃቸው ነኝ» የሚለው ሰው፤ ብሩን የሚወስደው ማንም ይሁን ማን። «ወንድሜ፣ ለጊዜው ውጭ ቆይ፤ ከእናታችን ጋር ትንሽ እናወራለን» ከተባለ ይበቃል፣ ሌላ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። ለሁሉም ባለጉዳይ ሲደረግ ማንም አይቀየምም። ጠብ የሚያመጣው ለተጠረጠረው ብቻ ሲደረግ ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ «ሌባ ተባልሁ» ይላል፣ እናቲቱም ልጃቸውን ለማስከበር ሲሉ ብቻ ይፈርማሉ። በዚህ ሥራ ካለው ጥንቃቄ ሁሉ ይህን የሚያህል አላውቅም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለው አቀማመጥ ራሱ ሥራ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ መጮህ አይጠቅምም። ዕድሜ ከጆሮ ቀድሞ የሚወስደው ቀጭን ድምፅን ነው፤ ሲጮኹ ደግሞ ድምፅ ይቀጥናል። ደህና በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ጠጋ ብሎ፣ ፊትን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ፣ ከንፈር እንዲታይ አድርጎ፣ ወፈር ባለ ድምፅ ቀስ ብሎ መናገር ነው። ብዙ አዛውንት «አልሰማሁም» ማለት ስለሚያሳፍራቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያ መነቅነቅ እንደ እሺታ ይወሰድባቸዋል። መነጽራቸውን ይዘው እንደሆነም መጠየቅ ነው፤ የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ዳዊቱን ሲደግም የሚያነብ ይመስላል፣ በቃሉ ስለሚያውቀው። በኮምፒውተር የተጻፈችውን ደቃቅ ፊደል ግን አያያትም።

«ገባዎት?» የሚለውን ጥያቄ ብንተወው ደስ ይለኛል። መልሱ ሁልጊዜ «ገብቶኛል ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው። እነሱ ራሳቸው እንዲናገሩ ነው መጠየቅ። እማማ፣ ዛሬ ምን ልንፈርም ነው የመጣነው? ስንት ብር ነው? ብሩን ማን ነው የሚወስደው? ሳይከፈል ቢቀር ምን ይመጣል? ቤቱ ከተሸጠ የት ይገባሉ? ሥራውን የሚሠሩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። «የመታወቂያ ነው»፣ «የቆጣሪ ነው ብሎኛል» የሚል መልስ ከመጣ ወረቀቱ እዚያው ይቁም። «እሱ ያውቃል» ከተባለም እንደዚያው፤ ይኸኛው እንዲያውም የባሰ አሳሳች ነው፣ መተማመን ስለሚመስል። የመለሱት በራሳቸው ቃል መዝገቡ ላይ ይጻፍ። «ተነቦላቸው ተረድተው ፈርመዋል» የሚለው መስመር በሁሉም ውል ላይ ስላለ፣ ነገ ክርክር ቢነሳ ስለ እኒያ ሴትዮ የሚያስረዳው ነገር የለም።

አበዳሪው ባንክ ከሆነ ሊነገራቸው የሚገባው ከባዱ ነገር ይህ ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ዕዳው ካልተከፈለ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። «ዳኛ አይቶት ይወሰናል» ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። አይደለም።

አበዳሪው ግለሰብ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ እኔን ዕረፍት የሚነሳኝም ይኸኛው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2479 በብድር ላይ ከዓመት 12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። አራጣ አበዳሪው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ወለዱን ወረቀት ላይ አያሰፍረውም። 200,000 ብር በወር 10 በመቶ ቢያበድር የዓመቱ ወለድ 240,000 ይመጣል፤ በሕጉ ጣሪያ ግን 24,000 ነበር። ስለዚህ ውሉ «440,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሬ በእጄ ቆጥሬ ተቀብያለሁ» ተብሎ ይጻፋል። ዘመድ ያልሆነ ሰው 440,000 ብር ያለ ወለድ ሲያበድር ያየ የውልና ማስረጃ አረጋጋጭ ብዕሩን ማስቀመጥ አለበት። «ተቀብያለሁ» ከተባለ ደግሞ መመለሻው ሩቅ ነው፤ በቁጥር 2005 የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፣ በቁጥር 2006 መሠረትም በምስክር ማፍረስ አይቻልም። «የደረሰኝ 200,000 ብቻ ነው» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? መከላከያው ቀላል ነው፦ ብሩ በተበዳሪዋ ስም ባለ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ የገባበት ወረቀት ከውሉ ጋር ይያያዝ። በእጅ የሚሰጥ ብር ካለ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቆጠር።

ግለሰቡ በመያዣ ውልም ብዙ አይጓጓም። ምክንያቱ ቁጥር 3060 ነው፤ ዕዳው ሳይከፈል ቢቀር አበዳሪው ቤቱን ይውሰድ ወይም ከሕግ ሥርዓት ውጭ ይሽጥ የሚል ስምምነት ዋጋ የለውም። ይህ በር ሲዘጋበት ሁለት መስኮት ይፈልጋል። አንዱ ብድሩን የሽያጭ ውል አስመስሎ መጻፍ ነው። ሌላው ውክልና። ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ስለሚያገለግል፣ ቁጥር 2205 ደግሞ ለመሸጥና በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ስለሚጠይቅ፣ ወረቀቱ ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚሉት ቃላት ይገባሉ። ተወካዩ የአበዳሪው ሰው ይሆናል። ለብድር መጥተው ውክልና የሚፈርሙ አዛውንት ባየሁ ቁጥር ሌላ ማብራሪያ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ፤ እስካሁን ደህና ማብራሪያ አልሰማሁም። የፈረሙ ካሉም ይወቁት፤ ውክልና በማንኛውም ጊዜ ሊሻር ይችላል፣ መሻሩን ግን ለተወካዩም ካርታው ላለበት የመሬት ጽሕፈት ቤትም ወዲያው በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሳያሳውቁ ከዘገዩ ቤቱ በዚያው ውክልና ሊሸጥ ይችላል።

አራዳ ወይም ፋሲል ግቢ አካባቢ ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት ለባለቤቱ «ይች ጎጆ» ናት። አበዳሪው የሚያየው ቦታውን ነው። ስለዚህ የቦታውን የገበያ ዋጋ ከብድሩ አጠገብ አድርጎ መንገር ደግ ነው፤ ብዙዎቹ ሲሰሙት ይደነግጣሉ። ባል ሞቶ ውርሱ ሳይከፋፈል የቀረ ቤት ከሆነም የወራሾቹን ድርሻ እናት ብቻቸውን ማስያዝ አይችሉም፤ ቤቱ የጋራ ሆኖ ባል በሕይወት ካለ የእሱም ስምምነት የግድ ነው።

አሁን ስለ ጣት። ቁጥር 1728 ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የፈረመው ወይም ያተመው ጣት፣ በሥራው ላይ ባለ አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ይህ ትልቅ ጋሻ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጥጥ ሲፈትሉና ሲያጥቡ የኖሩ እናቶች ግን የጣታቸው መስመር ተልጓል፤ ቀለም ከበዛበት ጠቃጠቆ እንኳ የሌለው ጥቁር ነጥብ ይሆናል፣ ያን ደግሞ ኋላ መርማሪ ከምንም ጋር ሊያነጻጽረው አይችልም። እጁ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ቀለሙ ስስ ይሁን፣ ጣቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ ይንከባለል። የራሳቸው እጅ ይንቀሳቀስ እንጂ ሰው ጣታቸውን ይዞ አይጫንላቸው። በእያንዳንዱ ገጽ ይፈረም፣ ባዶ የቀረ ቦታ በመስመር ይዘጋ፣ ብሩ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ። አንዱ ቅጂ በእጃቸው ይሰጥ፤ ከበር ሲወጡ ልጁ እንዳይቀበላቸውም ለንስሐ አባታቸው ወይም ለዕድሩ ጸሐፊ እንዲያስቀምጡት ይነገራቸው።

ጋሻው የማይሸፍናቸው ደግሞ ስማቸውን መጻፍ የሚችሉት ናቸው። የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ አባት፣ ጡረታ የወጡ መምህር፤ እነሱ አይነ ስውርም መሃይምም አይደሉም፣ ስለዚህ አረጋጋጭ እንቢ ቢል ውልና አቤቱታ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄደው በሁለት ምስክር ይፈርማሉ፣ የብድር ውሉም ይጸናባቸዋል። እንቢ ያለ አረጋጋጭ ምክንያቱን በጽሑፍ መዝገቡ ላይ ቢያሰፍር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ያ ገጽ ኋላ ክስ ሲመሠረት ማስረጃ ይሆናል። ቁጥር 1710 የሰውን ችግር፣ የዋህነት፣ ጃጅቶ መድከም መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ስምምነት ፍትሕ ሲያስገድድ እንዲፈርስ ይፈቅዳል፤ በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 መሠረት አራጣ ራሱ ወንጀል ነው። ነገር ግን ቁጥር 1810 ጊዜውን ቆርጦታል፤ በቁጥር 1710 ይፍረስ ተብሎ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተደረገበት ቀን አንስቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የአበዳሪው መጥሪያ ቤት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። አበዳሪውም ያን አስልቶ ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ጽፌ አንዲት ጥያቄ ትቀረኛለች፤ አንዲት የማውቃት ሴት ደጋግማ የምትጠይቀኝ፣ እስካሁን ያልመለስሁላት።

እናቲቱ ብቻቸውን ተጠይቀው ሁሉንም በትክክል ቢመልሱስ? ብሩን ያውቁታል፣ ልጁ መክፈል እንደማይችልም ያውቃሉ፣ ቤቱ እንደሚሸጥ ያውቃሉ። «አውቃለሁ ልጄ። ካልፈረምሁለት አይጠይቀኝም፣ ውሃ የሚያቀብለኝ የለኝም» ይላሉ። በቁጥር 192 ማንኛውም ሰው በሕግ ችሎታ የለውም እስካልተባለ ድረስ ችሎታ አለው፤ እርጅና ብቻውን ችሎታ አይነሳም፣ ሊነሳም አይገባም። ሌላ ሰው ስለ እርስዎ ቤት ይወስን ማለት ሌላ በደል ነው። መገደድ እንዳይባል፣ ሕጉ የሚፈልገው በሕይወት፣ በአካል፣ በክብር ወይም በንብረት ላይ የተደቀነ ከባድ አደጋ ነው። ቁጥር 1709 አክብሮት የወለደውን ፍርሃት ያነሳል፤ የሚያነሳው ግን ወላጅንና የበላይን መፍራት ነው። ወላጅ ልጁን ሲፈራ ምን እንደሚባል አልጻፈም።

አረጋጋጩ ማድረግ የሚችለው ትንሽ ነገር አለ። የመያዣ ውል የተያዘለትን የብር መጠን መግለጽ ስላለበት፣ መጠኑ እንዲያንስ መለመን ይችላል፤ «ቤቱን በሙሉ አይስጡት፣ እስከዚህ ድረስ ብቻ ይስጡት» ብሎ። ለሳምንት መቅጠር፣ የዕድሩን ዳኛ ወይም የንስሐ አባታቸውን አማክረው እንዲመለሱ መጠየቅ ይችላል። ተመልሰው «አሁንም እፈርማለሁ» ካሉ ግን፣ ቀለሙን አቅርቦ ማስፈረም ነው ወይስ እንቢ ብሎ ወደ ራፖር ጸሐፊው መስደድ? ፊርማውን ብንከለክል፣ ውሃውንስ ማን ያቀብላቸዋል?