የመጽሔታችን ገጽ ለምን ሰፋ

ደብረ ብርሃን ላይ የምናዘጋጃትን ትንሽ የግጥም መጽሔት ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የሚይዙ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ግጥሞቹ ሳይሆን ስለ ስፋቷ ነው። ከመጽሐፍ ትሰፋለች፣ ከጋዜጣ ታንሳለች፤ መደርደሪያ ላይ ስትቀመጥ ከጎረቤቶቿ ወጣ ትላለች፤ መጽሐፍ ሻጮችም በዚህ ሲያማርሩብን ኖረዋል። ለጥያቄው እስከ ዛሬ በአጭሩ ስመልስ ቆይቻለሁና አሁን ከነታሪኩ ልጻፈው፤ የመጽሔቷ ታሪክና አሠራር ከሞላ ጎደል በዚሁ ውስጥ ይገኛልና።

መጽሔቷን የጀመርነው አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስታችን አስተማሪዎች፣ አንደኛው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያለው። የመጀመሪያው እትም የተባዛው በፎቶ ኮፒ ነበር። ኤ4 ወረቀት ለሁለት አጥፈን፣ መሃሉን በስቴፕለር መትተን፣ ወረቀት ለመቆጠብም ስንል እያንዳንዱን ገጽ በሁለት ዓምድ ከፍለን ግጥሞቹን ጠቅጥቀን አስገባናቸው። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። አንዱን ቅጂ ይዤ በልጅነቴ ፊደል ላስቆጠሩኝ የኔታ ወሰድኩላቸው፤ ቅኔ አዋቂ ናቸውና ምርቃት እየጠበቅሁ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ጥቂት ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው «ልጄ፣ ይህን ግጥም ማን ሰበረው?» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አብዛኛው የአማርኛ ግጥም የሚገጠምበት የወል ቤት፣ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም (በአፍ ሲነገር የሚቆጠር የድምፅ ክፍል) ያለው ሆኖ 6 እና 6 እየሆነ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ መሃሉ ላይ አጭር ዕረፍት፣ መድረሻው ላይ ቤት መምቻው ይመጣል። ሰንጎ መገን የሚባለው የግጥም ቤት 5 እና 5፣ ቡሄ በሉ የሚባለውም 4 እና 4 ስለሆኑ ጠባብ ዓምድ ይበቃቸዋል። የወል ቤት ግን እኛ ባዘጋጀንለት ዓምድ አልበቃ ብሎ የየስንኙ የመጨረሻ ቃል ወደ ታች ወርዶ ብቻውን ተቀምጧል፤ ቤት የሚመታው ቃል ደግሞ ያው የወረደው ነው። አንባቢ ዕረፍት በሌለበት ያርፋል፣ ማረፍ በሚገባው ቦታ ያልፋል። ገጣሚው ቀለም እየቆጠረ የመጠነውን እኛ ወረቀት ለመቆጠብ ስንል በአንድ ምሽት አፍርሰነው ነበር። በዚያው ሳምንት ተሰብስበን አንድ ደንብ አወጣን፦ በዚህች መጽሔት ላይ ገጣሚው ራሱ ያልሰበረው ስንኝ አይሰበርም።

ደንቡ ውድ ነው። ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አትሞና አጥፎ 16 ገጽ የሚያወጣው በተለመዱት መጠኖች ሲሆን፣ ከዚያ ወጣ ያለ ስፋት ሲጠየቅ ከዳር ተቆርጦ የሚቀር ትርፍ ይኖራል፤ ዋጋው ግን በሙሉው ወረቀት ይታሰባል። የማተሚያው ፕሌት፣ ማለትም ገጹ የሚቀረጽበት ስስ ብረት፣ ወጪው ለ200 ቅጂም ለ2,000 ቅጂም ያው በመሆኑ፣ እንደኛ ጥቂት ለሚያሳትም ሰው የአንዱ ቅጂ ወጪ ይከብዳል። ወረቀቱ ከውጭ የሚገባ ነውና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የሸክሙን ክብደት ይበልጥ አወቅነው። መፍትሔ ያገኘነው ከሰፈራችን ነው፤ ዕቁብ ገባን። አራታችንና ጥቂት አንባቢዎቻችን በየወሩ እንጥላለን፤ ከዕጣዎቹ አንዱ የመጽሔቷ ነው፤ የእርሷ ዕጣ ሲወጣ እትሙ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። «መጽሔታችሁ በስንት ወሩ ነው የምትወጣው?» ለሚሉን ትክክለኛው መልስ «ዕጣዋ ሲደርስ» የሚል ነው።

ከዳር የሚቆረጠውን ወረቀት አንጥለውም። ጠባብና ረጃጅም ቁራጮቹን ሰብስበን እናመጣቸውና ግጥም ለላኩልን ሰዎች በእጃችን መልስ እንጽፍባቸዋለን። የማናትመውን ግጥም ለላከ ሰው የምንጽፈው ለምናትምለት ከምንጽፈው ይረዝማል፤ የትኛው ስንኝ እንደያዘን፣ የትኛው ላይ ቀለሙ እንደጎደለ ለይተን እንነግረዋለን። ከመጽሔቷ ሥራ ሁሉ እጅግ የምወደው ይህንን ነው፤ ከሞጃና ወደራ፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝ የሚጽፉልን ወጣቶች ብዙዎቹ ግጥማቸውን ከእኛ በፊት አንብቦ ቃል የሰጣቸው ሰው የለምና።

አንድ ጊዜ አንድ ማተሚያ ቤት ለእኛ ያዘነ መስሎት ሳይነግረን ገጹን አጥብቦ አተመው። ቅጂዎቹ ደርሰውን ስንገልጣቸው ስንኞቹ እንደገና ተሰብረው አገኘናቸው። ያንን እትም አልሸጥነውም። ያስቀየምናቸው ገጣሚዎች ዘንድ እየደወልን ይቅርታ ጠየቅን፤ ለሚቀጥለውም ዕጣ ወራት ጠበቅን። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ኅትመት በተጀመረ ቀን ከመካከላችን አንዱ በሌሊት ተሳፍሮ ይሄድና የመጀመሪያው ገጽ ሲወጣ ከማሽኑ አጠገብ ይቆማል። ይህን ድካም ባሰብኩ ቁጥር የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይታወሱኛል፤ ጎሐ ጽባሕ የሚባል የራሳቸው ማተሚያ ቤት ነበራቸውና። የራሱ ማተሚያ ያለው ጸሐፊ የስንኙን ወርድ ማንንም አያስፈቅድም።

ፈቃድ ካነሳሁ ዘንድ፣ «ነጻ መጽሔት» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነም መናገር ይገባኛል። ከእኛ በፊት የነበሩት ጸሐፍት ጽሑፋቸውን ከመታተሙ በፊት ለሳንሱር ማቅረብ ነበረባቸው፤ ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ነው። እኛ ያንን በር ተከፍቶ ነው ያገኘነው። ይሁን እንጂ ገጽ በገንዘብም ሊጠብ ይችላል። አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ በዓል አዘጋጆች የሙሉ እትም ወጪ ሊሸፍኑልን መጡ፤ የሚፈልጉት በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ የውዳሴ ግጥም ብቻ ነበር። ዕቁባችን ሦስት ወር ይቀረው ነበርና መወሰኑ ቀላል አልነበረም፤ ግን አልተቀበልንም። ማወደስ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ቅኔያችን መወድስ የሚባል 8 ቤት ያለው ዓይነት እስኪኖረው ድረስ ማወደስን ያውቃል። ነገር ግን ለመጀመሪያው ገጽ የሚበቃውን ግጥም የሚመርጠው ግጥሙን ያነበበ ሰው እንጂ ወጪውን የከፈለ ሰው ሊሆን አይገባም።

የአርትዖቱ ሥራ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ግጥም ወደ እኛ ኮምፒውተር ሲመጣ ፊደሉ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ይሆንና እንደ አዲስ እንለቅመዋለን። በመልቀም ጊዜ ትልቁ አደጋ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ጋዜጣ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ አድርጎ ቢጽፍ ብዙ አይጎዳም፤ በግጥም ግን ድኅነት መዳን ነው፣ ድህነት ማጣት ነው፤ ሠረቀ ወጣ ነው፣ ሰረቀ ያው ሌብነት ነው። ወርቁ ከፊደሉ ሥር ሊቀበር ስለሚችል «አስተካከልኩ» ያለ አራሚ ግጥሙን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ እንደ ገጣሚው እንተወዋለን፤ ከተጠራጠርን እንደውላለን። ጽሕፈታችን የማያሳየው ማጥበቅና ማላላትም አለ። አንድ የመንዝ ገበሬ በላኩት ግጥም ውስጥ «ይበላል» የምትል ቃል አስቸግራኝ ደወልኩና «ጋሼ፣ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ሁለቱንም ብዬ ነው፤ አንተ አንዱን እንዳትዘጋብኝ» አሉኝ። የሚበላውና የሚበላበት ሰው በአንዲት ቃል ተቀምጠው ነበርና ምንም ምልክት ሳንጨምር አተምናት።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በዘለቀ ጊዜ መጽሔቷ ቆማ ነበር። ወደ ሥራ ስንመለስ ወደ ከተማችን የተፈናቀሉ ሰዎች በዙሪያችን ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋርም ሙሾው መጣ። ሙሾ የሚወርድ እንጂ የሚጻፍ ግጥም አይደለምና እንዴት እንደምናትመው ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ አንዲት እናት ለልጃቸው ያወረዱትን ሙሾ፣ ስማቸውም የልጁም ስም እንዳይወጣ ተስማምተን፣ እርሳቸው እየነገሩን በእጃችን ጻፍነው፤ በገጽ ላይም ደርድረን ተመልሰን ሄደን አነበብንላቸው።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መሃሉ በጸጥታ ሰሙ። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «እማማ፣ የተሳሳትነው ቃል አለ?» አልኳቸው።

«ቃሉስ ልክ ነው። እዚህ ጋ ግን አልተነፈስኩም፤ አንተ ተነፈስክ» አሉኝ።

ሁለት ስንኝ አድርገን የጻፍነው ለእርሳቸው አንድ ነበር፤ ከ12 ቀለም አልፎ የሚሄድ፣ በአንድ ትንፋሽ የወጣ። ቢሮ ተመልሰን ሁለቱን መስመር አንድ አደረግናቸው። ስንኙ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ሞላው፤ ግን አልተሰበረም።