ኢያኢሮስ ቆሞ ሲጠብቅ

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን ነርስነቴን ወደ ጎን ትቼ ማንበብ አልችልም። የምሠራው ሐዋሳ ውስጥ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ የምመደበውም ትራያጅ ላይ ነው። እዚያ ሥራዬ ማን ቀድሞ እንደሚገባ መለየት ነው። ግፊት እለካለሁ፣ ትንፋሽ እቆጥራለሁ፣ ኦክስጅን አያለሁ፣ አስታማሚውን ሁለት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ቀለም እሰጣለሁ። ቀይ ወዲያው ይገባል። ብርቱካናማ ይከተላል። ቢጫ ይጠብቃል። አረንጓዴ ደግሞ ቁጭ ይላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ሊል ይችላል።

እስቲ ምዕራፉን በዚህ ዓይን እዩት። ኢያኢሮስ የሚባል የምኩራብ አለቃ መጥቶ ኢየሱስ እግር ላይ ይወድቃል። «ታናሽቱ ልጄ ልትሞት ቀርባለች» ይላል። የ12 ዓመት ልጅ ናት። ይህቺ ልጅ ቀይ ናት፤ ክርክር የለውም። ኢየሱስም ጥያቄ ሳያበዛ አብሮት ይነሣል፤ ሕዝቡም እየተጋፋ ይከተላል። መንገድ ላይ ግን 12 ዓመት ሙሉ ደም ሲፈስሳት የኖረች አንዲት ሴት ከኋላ መጥታ ልብሱን ትነካለች፤ ደሟም ወዲያው ይቆማል። እኔ ብሆን ይህቺን ሴት አረንጓዴ፣ ቢበዛ ቢጫ ነበር የምላት። በእግሯ መጥታለች። ሕመሟ የቆየ ነው። ዛሬ ባትታይ ነገ ትታያለች። ደግሞ እኮ ድናለች!

ኢየሱስ ግን ይቆማል። «ልብሴን የዳሰሰ ማን ነው?» ብሎ ዙሪያውን ይመለከታል።

እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ዓይኔ የሚሄደው ኢያኢሮስ ላይ ነው። ማርቆስ እዚህ ቦታ ስለ እሱ ምንም አይጽፍም፤ ሰውየው ግን እዚያው ቆሟል። እንዲህ ያሉ አባቶችን በየቀኑ አያቸዋለሁ። ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያደርጉ ይመጣሉ። «ሲስተር፣ በእናትሽ» ይላሉ። ሐኪሙ ከሌላ ታካሚ ጋር ቆሞ ሲያወራ ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጣል። አንዱ አባት ግፊት እየለካሁ ክንዴን ይዞ አልለቅም ብሎኝ ነበር፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ በእጄ የያዝኩት የመለኪያው ጎማ ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ነበር። ኢያኢሮስም እንዲያ ሆኖ የቆመ ይመስለኛል።

ታዲያ ኢየሱስ ለምን ቆመ? በዚህ ክፍል ላይ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ አብዛኞቹ ስለ ሴቲቱ እምነት ናቸው፣ ትክክልም ናቸው። እኔን የያዘኝ ግን ማርቆስ «እውነቱን ሁሉ ነገረችው» ብሎ የጻፈው ነው። የ12 ዓመት ታሪክ በአንድ ደቂቃ አያልቅም። ከብዙ ባለ መድኃኒቶች ብዙ ተሠቃይታለች፤ ገንዘቧን ጨርሳለች፤ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። በዚያ ላይ በዘሌዋውያን 15 ሕግ መሠረት የተኛችበት፣ የተቀመጠችበት፣ እነዚያን የነካ ሰው ሳይቀር እስከ ማታ ርኩስ ይባላል። ስለዚህ እነዚያን ዓመታት ሰው እየሸሻት፣ እሷም ሰው እየሸሸች ነው ያሳለፈቻቸው። በወሊድ ጉዳት ሽንታቸው መቆም ያቃተውን የፊስቱላ ታካሚ እናቶች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወደ ይርጋለም ሐምሊን የፊስቱላ ሕክምና ማዕከል ሪፈር እስኪጻፍላቸው ድረስ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ቦታ እያለ ግድግዳ ጥግ ቆመው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ተቀመጡ ስትሏቸው «ይሁን፣ እዚሁ ይሻለኛል» ይላሉ።

ያቺ ሴት ተደብቃ እንደ መጣች ተደብቃ ብትሄድ ደሟ ቆሞ ነበር የምትሄደው፤ ነገር ግን ንጹሕ መሆኗን ማን ያምንላታል? ደግሞስ ከሰው ፊት መሸሹን ማን ያስተዋታል? ኢየሱስ በሕዝብ መሐል እንድትናገር አደረጋት፤ ተናግራ እስክትጨርስ ሰማት፤ «ልጄ ሆይ» አላት። በአራቱ ወንጌላት ውስጥ አንዲትን ሴት እንዲህ ብሎ የሚጠራው በዚህ ታሪክ ብቻ ነው። ስለ ልጁ ሊለምን የመጣው ኢያኢሮስ አጠገቡ ቆሞ ይህን ቃል ሰምቷል።

ከዚያ ከቤት ሰዎች መጡ። «ልጅህ ሞታለች፤ ስለ ምን መምህሩን አሁን ታደክመዋለህ?»

ይህን ዓረፍተ ነገር ለቤተሰብ መናገር የሥራዬ ክፍል ስለሆነ ክብደቱን አውቀዋለሁ። ኢየሱስ ግን ሰውየው አፉን ከመክፈቱ በፊት ቀደመው፦ «እመን ብቻ እንጂ አትፍራ።» ለምን እንደ ዘገየ አላስረዳውም። እምነትህ ስንት ነው ብሎም አልመረመረውም። አብሮት መሄዱን ቀጠለ፤ ለኢያኢሮስ የተሰጠው ይህ ነበር። ቤት ሲደርሱ የሚንጫጩትን አስወጥቶ አባትና እናቷን፣ ከእሱ ጋር የነበሩትን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ገባ፤ የልጅቷን እጅ ያዘ፤ ተነሣች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ የምትበላውን እንዲሰጧት አዘዘ። እኛም እኮ ልጅ ራሱን ስቶ ቆይቶ ሲነቃ እናቱን መጀመሪያ የምንጠይቃት «ቀመሰ ወይ? ጠጣ ወይ?» ብለን ነው። ሁሉም ሰው በተአምሩ ደንግጦ በቆመበት ሰዓት የልጅቷን መራብ ያሰበው እሱ ብቻ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ በፍቅር ይሞላል።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን «ጌታን እንደ ግል አዳኜ ተቀብያለሁ» እንላለን። እኔም ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ወላይታ ሶዶ በተደረገ የወጣቶች ኮንፈረንስ ላይ ወደ ፊት ወጥቼ ተጸልዮልኛል፤ ያ ማታ እውነተኛ ነበር፣ ዛሬም ቆሜበታለሁ። መቀበል በአንድ ማታ ሆነ፤ ማወቅ ግን እስካሁን ድረስ እየሆነ ያለ ነገር ነው። የዕቁብ ገንዘባችንን ለዳኛው ዓይናችንን ጨፍነን የምንሰጠው በክፉም በደጉም ቀን ያደረገውን ስላየን ነው። ኢየሱስንም ያመንኩት ሲያደርግ እያየሁት ነው። በችኮላ መሐል ይቆማል። ሰው የማይሰማትን ይሰማል። ለፈራ ሰው አብሮ ይሄዳል። ፀባዩ ይህ ነው።

ይህን ማወቅ ምን እንደሚጠቅም የገባኝ አባቴ ሲታመም ነው። ስትሮክ ነበር። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ፣ ቀኝ እጁን አንሣ ስለው ግራውን ሲያነሣ ከማንም በፊት ገባኝ። ሲቲ ስካኑ ሲመጣ ደግሞ ደሙ ምን ያህል ቦታ እንደ ያዘ አየሁ፤ ነርስ መሆኔ በዚያ ሰዓት ምንም አላገዘኝም። የኢያኢሮስን ጸሎት ቃል በቃል ጸለይኩ፦ መጥተህ እጅህን ጫንበት። ቤተሰቡ ጾመ፣ ቤተ ክርስቲያን ጸለየች። አባቴ ንጋት ላይ አረፈ።

ለቅሶ ላይ አንድ ሰው መጣ፤ የሚያገለግል ሰው ነው። እናቴ አጠገብ ተቀምጦ፣ እምነት ቢኖር ኖሮ አባታችሁ ይነሣ ነበር አለ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ዝም አለች። እኔም በዚያ ሰዓት መልስ አልሰጠሁትም፤ በልብስ የተሸፈነውን ፊቷን እያየሁ ግን አንድ ነገር እርግጠኛ ሆንኩ፦ ይህ የኢየሱስ ድምፅ አይደለም። አውቀዋለሁ እኮ። ልጁ ሞታለች የተባለ አባት ፊቱ ቆሞ ምን እንዳለው አውቃለሁ። በአልዓዛር መቃብር ደጃፍ እንዳለቀሰም አውቃለሁ፤ ሊያስነሣው ሄዶ፣ እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ባዘነ ሰው ላይ የእምነት ሚዛን ይዞ የሚመጣ ኢየሱስ በወንጌል ውስጥ የለም። ዮሐንስ 10 ላይ በጎቹ ድምፁን ያውቃሉና ይከተሉታል ይላል፤ የሌላውን ድምፅ ስለማያውቁ ይሸሻሉ። ለእናቴ ማታ ማርቆስ 5ን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። «እመን ብቻ እንጂ አትፍራ» የሚለው ጋ ስደርስ ድገሚልኝ አለችኝ።

አባቴ አለመነሣቱ ግን አሁንም ያማል፤ ያንን ማለባበስ አልፈልግም። የኢያኢሮስ ልጅ ተነሣች፣ የእኔ አባት አልተነሣም። በዚህ ላይ ብዙ ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበት ነገር ያቺ ልጅም አድጋ፣ ምናልባት አግብታ ወልዳ፣ ኋላ ሞታለች የሚለው ነው። አልዓዛርም እንዲሁ። እምነቴ የተንጠለጠለው በእነሱ መነሣት ላይ አይደለም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት ይላል፤ በግልጽ አስቀምጦታል። ኢየሱስ በመቃብር ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ማርቆስ 5 አንድ ደግ ሰው ያደረገው ውብ ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር፤ አንብቤ አደንቀው ነበር፤ አባቴን በአደራ የምሰጠው ግን ማን ነበር? ሕያው ስለሆነ ያን ታሪክ አንብቤ ሳበቃ እዚያው እሱን ማናገር እችላለሁ። አባቴንም ሰጥቼዋለሁ። «ያመንሁትን አውቃለሁና» ብሎ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው እስር ላይ ሆኖ ነው፤ ከዚያ እስር በሕይወት እንደማይወጣ ሳያውቅ አይቀርም፤ ለአደራው ግን አልሰጋም።

ይህን ዓይነት መታመን መጀመሪያ ያየሁት አያቴ ላይ ነው፤ የአባቴ እናት። ማንበብ አትችልም። አባቷ ከወላይታ የመጀመሪያዎቹ አማኞች አንዱ ነበር። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ የገቡት በ1920 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ጣሊያን ሲወር ለቀው እንዲወጡ ሲደረግ ትተውት የሄዱት አማኝ ጥቂት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ግን በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነው። በመሐሉ እንደ ዋንዳሮ ያሉ የወላይታ አማኞች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ሚሲዮናውያኑ በሌሉበት፣ በቋንቋቸው የተተረጎመው የመጽሐፍ ክፍል ጥቂት በሆነበት፣ አብዛኛው ሰው ፊደል ባልቆጠረበት ዘመን ነው ይህ የሆነው። እነዚያ ሰዎች ከትምህርት ይልቅ የያዙት ጌታቸውን ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

አያቴ ስትጸልይ ሰምቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ከጎረቤት ጋር የምታወራ ይመስለዋል። እንሰቱን እየፋቀች «ጎዳው» ትላለች፤ በወላይትኛ ጌታ ሆይ ማለቷ ነው። ላሟ ወተት እንደቀነሰች ትነግረዋለች። የልጅ ልጇ ፈተና እንዳለበት ትነግረዋለች። አንድ ቀን ከምራቷ ጋር ተጣልታ፣ «አንተ እዚህ ነበርክ፤ እኔ ምን እንዳልኩ ሰምተሃል፤ አሁን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ነው፤ አብረኸኝ ና» ብላ ተነሥታ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴ ሲሞት ልጇን እየቀበረች ነበር። ከመቃብር መልስ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ጓሮ ገብታ ጮክ ብላ ስታለቅስና ስትጠይቀው ሰማኋት፤ ለምን አለችው፣ ደጋግማ። በነጋታው ጠዋት «ጎዳው» ብላ ቀኗን ጀመረች። እንዲህ የምትጠይቀውም እንዲህ የምትታመነውም ያንኑ አንዱን ጌታ ነው።

አሁን በየከተማው ስልክ ቁጥራችንን፣ የሰፈራችንን ስም የሚነግረን ነቢይ ፍለጋ ስንሮጥ ሳይ ያዝናል ልቤ። የሚሮጠውን ሰው አልፈርድበትም፤ ልጁ የታመመበት ሰው የትም ይሄዳል፣ ኢያኢሮስም ሄዷል። ግን ኢየሱስ ስማችንን በሌላ ሰው አፍ እስኪነግረን የምንጠብቀው ሩቅ ሰው አይደለም። ያቺን ሴት በዚያ ግርግር መሐል ፈልጎ ያገኛት፣ ቆሞ የሰማት ጌታ እኛንም ለመስማት ጊዜ አለው። ማይክ የያዘ ሰው መሐል መግባት አይጠበቅበትም።

ሥራ ባልደረቦቼ አንዳንዴ የት ልጀምር ይሉኛል። እኔ ማርቆስን ነው የምላቸው፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ከአራቱም ወንጌላት አጭሩ ነው። አንድ ታሪክ ብቻ አንብቡ፤ ለሚቀጥለው አትቸኩሉ። ማን መጣ፣ እሱ ምን አደረገ፣ ምን አለ፤ ይህን በደብተር ጻፉ። እኔ ይህን የማደርገው ከሌሊት ተረኛነት ስወጣ፣ ባጃጅ ላይ እያለሁ ወይ ቤት ሻይ እስኪፈላ ድረስ ነው። ያላመናችሁትን ያመናችሁ አታስመስሉ፤ ጥያቄውንም ለእሱ ንገሩት። በታሪኩ ውስጥ እንድታደርጉት የሚጠይቃችሁ ነገር ካለ ደግሞ፣ የምትጠይቁት ይቅርታም ይሁን የምትከፍሉት ዕዳ፣ ቀኑ ሳይመሽ አድርጉት፤ ጌታ ራሱ በዮሐንስ 7 ፈቃዱን ሊያደርግ የሚወድ ያውቃል ብሏል። እናቴና እኔ አሁን ምዕራፍ 10 ደርሰናል፤ ዛሬ ማታ የዓይነ ስውሩን የበርጤሜዎስን ታሪክ እናነባለን።