ሽጉጡን በአንድ ከሰዓት ገዛሁት፣ ስለ ድልድዩ ግን ማንም አልነገረኝም

በኛ ሰው መሀል ስለ መሳሪያ አይወራም። ቤተክርስቲያን ግቢ ቆመን ስለ ቤት ወለድ፣ ስለ ኡበር፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት እናወራለን፣ ሽጉጥ ያለው ግን ዝም ነው የሚለው። ስንቱ ቤት እንዳለ የገባኝ እኔ ከገዛሁ በኋላ ነው፣ ለአንዱ ስትነግረው በሹክሹክታ "ኧረ እኔም'ኮ አለኝ" ይልሃል። ያ ሹክሹክታ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርሰኝ ኖሮ ለ11 ቀን በግሪን ካርዴ ቁማር አልጫወትም ነበር።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። የምሰራው ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ሜሪላንድ፣ ኦክሰን ሂል አካባቢ ጋዝ ስቴሽን፣ ማታ ሺፍት። 2023 ጃንዋሪ ላይ ሁለት ልጆች ገቡ፣ ልጆች ስል የምሬን ነው አንደኛው ፂም እንኳን አላበቀለም፣ ሽጉጥ ደቅነውብኝ 180 ዶላርና ሲጋራ ይዘው ወጡ። እኔ ምንም አልሆንኩም። ግን ከዛ በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር ልቤ ድው ይል ጀመር።

እኔ የጎጃም ገበሬ ልጅ ነኝ። አባዬ ምንሽሩን ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ነው ያደግነው፣ ለለቅሶም ለሰርግም ይዞት ይወጣል፣ ሲመለስ ቅቤ ነክቶ በጨርቅ ይወለውለዋል፣ እኛ ልጆች መንካት ቀርቶ ትክ ብለን ብናየው ይቆጣናል። ስለዚህ ሽጉጥ ልግዛ ስል ለኔ ትልቅ ነገር አልነበረም። ለባለቤቴ ግን ነበር። ነርስ ናት። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ "በ2021 እዚህ አገር በመሳሪያ የሞተው ሰው 48 ሺህ አልፏል፣ ከግማሽ በላዩ ራሱን ያጠፋ ነው፣ ሌባ የገደለው እንዳይመስልህ" አለችኝ። እኔ ደግሞ አንቺ ሆስፒታል የሚመጣውን ብቻ ነው የምታዪው አልኳት። አሁን ሳስበው መልስ አልነበረም፣ መልስ የሚመስል ነገር ነበር።

ግዢው ቀላል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጋን ሾፕ ሄድኩ፣ መንጃ ፈቃድና ግሪን ካርድ ሰጠሁ፣ 4473 የሚባለውን የፌደራል ፎርም ሞላሁ፣ ባክግራውንድ ቼኩ ተጠርቶ ቡና ሳልጨርስ መልሱ መጣ፣ ግሎክ 9 ሚሊሜትር ይዤ ወጣሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፣ ስቱደንት ቪዛ ላይ ያለ ግን የአደን ፈቃድ ምናምን የሚሉ ጥቂት ኤክሴፕሽኖች ካልሆኑ በስተቀር አይችልም። አንድ ስቱደንት ቪዛ ላይ ያለ ወዳጄ "ባንተ ስም ግዛልኝ" ብሎኝ ነበር፣ አታድርጉት፣ ፎርሙ ላይ ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እዛ ላይ መዋሸት የፌደራል ወንጀል ነው። ደግሞ ስለ እፅ ይጠይቃል፣ ማሪዋና ቨርጂኒያ ተፈቅዷል ብላችሁ አትዘናጉ በፌደራል አልተፈቀደም፣ ጫት የምትቅሙም ብትሆኑ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ህግ የተከለከለ እፅ ነው፣ ይሄን በአማርኛ የነገረኝ ሰው የለም ስለዚህ እኔ ነገርኳችሁ።

ቀጥሎ ተሸክሞ የመሄድ ፈቃድ። ቨርጂኒያ በሰው ፊት የሚሰጥ ትሬኒንግ ትወስዳለህ፣ ሰርተፊኬቱን ይዘህ ለካውንቲህ ወይ ለከተማህ ሰርኪት ኮርት (ፍርድ ቤት) ታመለክታለህ፣ ክፍያው ቢበዛ 50 ዶላር ነው፣ 5 አመት ያገለግላል። በፖስታ መጣልኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ላኩለት።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም አልጋ ባልጋ ነው። ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው።

ትሬኒንጉን የሰጠን ሰውዬ የድሮ ወታደር ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ስለ አያያዝ፣ ስለ አተኳኮስ፣ ስለ ራስ መከላከል ህግ ቀኑን ሙሉ አስተማረን። "ሁልጊዜ ያዙ፣ ቤት ትታችሁት የሄዳችሁ ቀን ነው የምትፈልጉት" አለን። ፖሊስ ካስቆማችሁ ደግሞ እጃችሁን መሪው ላይ አድርጋችሁ ቀድማችሁ በትህትና ንገሩት አለ። ስለ ሌላ ስቴት የተናገረው አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ "ወደ ሌላ ስቴት ስትሄዱ ዝርዝሩን እዩ" አለ፣ አለቀ። ክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ሰዎች መሀል በየቀኑ ድልድይ ተሻግሮ የሚሰራ እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ እርግጠኛ ነኝ።

ዝርዝሩን አየሁ፣ የትኛው ስቴት የማንን ፈቃድ እንደሚቀበል የሚያሳየውን። ያየሁት ግን ገልብጬ ነው። በዛን ጊዜ ቨርጂኒያ የሁሉንም ስቴት ፈቃድ ትቀበል ነበር፣ እኔ ሜሪላንድ የሚለውን ዝርዝሩ ውስጥ ሳየው አበቃ፣ ተፈቅዷል ብዬ ስልኬን ዘጋሁ። ቨርጂኒያ የሜሪላንድን ፈቃድ ትቀበላለች ማለት ነው እንጂ ሜሪላንድ የቨርጂኒያን ትቀበላለች ማለት አይደለም። ሜሪላንድ አትቀበልም። ዲሲም አትቀበልም። ጠዋት ማታ የምሻገረው ዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ደግሞ ከቨርጂኒያ ተነስቶ መሀል ላይ የዲሲን ጫፍ ነክቶ ሜሪላንድ ነው የሚወርደው፣ በሁለት ደቂቃ መንገድ የሶስት ቦታ ህግ ታቋርጣለህ። እኔ ይሄንን ሳላውቅ ለ11 ቀን ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ወገቤ ላይ ሸጉጬ፣ ፈቃዴን ኪሴ ከትቼ፣ ሙዚቃ ከፍቼ ተሻገርኩ።

በ9ኛው ቀን ማታ ዝናብ ነበር። ድልድዩን ጨርሼ ወደ 210 ቁጥር መንገድ የሚወጣው መውጫ ጋ ስደርስ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ጥግ ይዤ ቆምኩ፣ ስኮርታውን አወረድኩ፣ ክሪኩን አስገብቼ ማዞር ስጀምር ከኋላዬ ሰማያዊና ቀይ መብራት በራ። ፖሊስ ነው። ወጣት ነው፣ ፈገግ ብሎ "ሁሉ ሰላም ነው?" አለኝ፣ መኪናዎቹ እንዳይገጩኝ መኪናውን ከኋላዬ አቁሞ ባትሪውን አበራልኝ። እኔ ተንበርክኬ ቡሎን እፈታለሁ፣ እሱ ከጀርባዬ ቆሞ መብራቱን እጄ ላይ ይዞልኛል፣ በጎነበስኩ ቁጥር ጃኬቴ ወደ ላይ ይሳባል፣ እኔ ደግሞ በክርኔ ወደ ታች እጎትተዋለሁ። የምጎትተው ወንጀል ነው ብዬ አይደለም፣ ልጁን እንዳላስደነግጠው ነው። ሶስተኛው ቡሎን እምቢ አለኝና ቀና አልኩ፣ ያኔ የኢንስትራክተሩ ምክር ትዝ አለኝ፣ ቀድማችሁ በትህትና ንገሩት። እጄን ጠራረግኩ፣ ወደሱ ዞርኩ፣ "ኦፊሰር፣ አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ" አልኩት። እዚህ ላይ ደረቱ ላይ ያለው ራዲዮ ጮኸ። እጁን ከፍ አድርጎ ቆይ አለኝ፣ አዳመጠ፣ ወደ ላይ አደጋ ደርሷል መሰለኝ፣ "ትችለዋለህ አይደል?" ብሎኝ ሮጦ ገባና ሄደ።

ተናደድኩ። አዎ፣ ቡሎኑን ሳያግዘኝ ሄደ ብዬ ተናደድኩ። ፈጣሪ እንደዛ በራዲዮ ሲያድነኝ እኔ ዝናብ ላይ ቆሜ ፖሊሱን እራገማለሁ።

ሁለት ቀን ቆይቶ ሌሊት አንድ ጋሼ መጡ፣ ከሀያ አመት በላይ ዲሲ ታክሲ የነዱ፣ ሌሊት ሌሊት እኛ ጋ ቡና የሚጠጡ። እንደ ቀልድ፣ ትንሽም ኩራት እየቃጣኝ፣ ጃኬቴን ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው። የወረቀት ኩባያውን አስቀመጡት።

"አንተ ልጅ፣ ይሄን ይዘህ ነው ወንዙን የምትሻገረው?"

"ኧረ ጋሼ ፈቃድ አለኝ፣ ይኸው ይዩት።"

ካርዱን ተቀብለው መነፅራቸውን አድርገው አነበቡት። "ይሄ የቨርጂኒያ ነው። እዚህ ወረቀት ነው። ሲቲዝን ሆነሃል?"

"አልሆንኩም፣ ገና ግሪን ካርድ ነኝ።"

"እንግዲያው ካሰሩህ እስሩ አይደለም የሚያሳስብህ።" ከዛ ቀስ ብለው፣ ሰው ባይኖርም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የዲሲ ታክሲ ነጂ ስለሆነ አንድ ልጅ አወሩኝ፣ ኮንሶሉ ውስጥ ይዞ ተገኝቶ ጠበቃ ላይ ስንት እንዳፈሰሰ። በማግስቱ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ደውዬ 150 ዶላር ከፍዬ ጠየቅኩ፣ እውነት ነው። ሲቲዝን ያልሆነ ሰው የመሳሪያ ህግ በመጣስ ከተፈረደበት፣ መያዝም ይሁን መሸከም፣ የፌደራል ህጉ ዲፖርት ሊደረግ ይችላል ነው የሚለው። ሰው አልጎዳሁም፣ ማስፈራራትም አላስፈራራሁም፣ ኪሴ ውስጥ ፈቃድ ነበረኝ ብትል የሚሰማህ የለም። ያን ሌሊት ሺፍቴ ሲያልቅ ጥይቱን አውጥቼ፣ ቆልፌ ትራንክ ውስጥ ከትቼ፣ በድልድዩ ላይ ከስፒድ ሊሚቱ 5 ማይል ዝቅ ብዬ ነው የነዳሁት። ላብ ነበር የሚያጠምቀኝ።

የሚቆጨኝ ህጉ መኖሩ አይደለም። ስለ አተኳኮስ ስምንት ሰዓት የሚያስተምር ሰው ስለ ድልድዩ አምስት ደቂቃ አለመስጠቱ ነው። የሸጠልኝም ልጅ አድራሻዬን አይቷል፣ ለስራ እንደምፈልገው ነግሬዋለሁ፣ የት ነው የምትሰራው ብሎ አልጠየቀኝም፣ የጠየቀኝ ተጨማሪ የጥይት ካርታ እፈልግ እንደሆነ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሚያበሽቀኝ ራሴ ነኝ፣ የቤት ኪራይ ውል ሶስቴ የማነብ ሰውዬ ይሄን አንዴ ያውም ገልብጬ አነበብኩት።

ስለዚህ የኔ ምክር፣ ኢንስትራክተሮቹ የሚሉትን ተቃራኒ ነው። "ሁልጊዜ ያዝ" የሚለውን አትስሙ። ከመግዛታችሁ በፊት የሳምንታችሁን መንገድ ወረቀት ላይ ፃፉ፣ ስራ፣ ቤተክርስቲያን፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ዘመድ ቤት፣ እና በያንዳንዱ ቦታ ይፈቀዳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ብዙው አይፈቀድም ነው የሚወጣው። የሜሪላንድ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል፣ ከ2022ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ለየት ያለ ምክንያት አቅርብ አይሉህም፣ ግን 16 ሰዓት ትሬኒንግ ነው፣ አሻራ ነው፣ ሌላ ክፍያ ነው። እኔ እሱን ልጀምር ስል የስቴሽኑ ባለቤት "ካውንተር ጀርባ መሳሪያ አልፈልግም" አለ። ፈቃዱ ቢኖረኝም ስራ ላይ አልይዘውም ማለት ነው። ይሄንንም ቀድሜ አልጠየቅኩም።

ባለቤቱ እንደዛ ማለቱን ጠዋት ለምትተካኝ ለስራ ባልደረባዬ አወራኋት። የዚሁ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ልጅ ናት፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ወንድሟን በ90ዎቹ በጥይት ነው ያጣችው። ይዤ እንደነበር ስትሰማ ወንበሯን ከኔ ራቅ አደረገችው፣ ሰውነቷ ነው ያደረገው፣ አስባበት አይመስለኝም። በዛው ሳምንት ከዌስት ቨርጂኒያ እየመጣ እዚህ የጣሪያ ስራ ለሚሰራ ደምበኛችን ይሄንኑ ብነግረው ደግሞ ሳቀና ስልኩን አውጥቶ የልጁን ፎቶ አሳየኝ፣ የ9 አመት ልጅ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ የመጀመሪያ አጋዘኑ አጠገብ ተንበርክኮ። እነሱ ጋ በታንክስጊቪንግ በአል ሳምንት አደኑ ሲከፈት ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው፣ እዛ ስቴት ደግሞ ከ2016 ጀምሮ 21 አመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ መሸከም ይችላል። ፒው የሚባለው የጥናት ድርጅት በ2023 ባደረገው ጥናት ገጠር ካሉት አዋቂዎች 47 ከመቶው መሳሪያ አለኝ ሲሉ ከተማ ያሉት 20 ከመቶ ናቸው፣ እኔ ግን ቁጥሩን ሳላነብ በፊት በአንድ ካውንተር ላይ አይቼው ነበር። አባዬ እንግሊዝኛ ቢችል ከጣሪያ ሰሪው ጋር ሌሊቱን ሙሉ ያወራ ነበር። ከባልደረባዬ ጋር ግን ምን እንደሚባባሉ አላውቅም፣ እኔም የምላት ጠፍቶኝ ነው ቡና የቀዳሁላት።

የመጨረሻው ፈተና የመጣው ከጎረቤት ነው። የልጄ ጓደኛ እናት፣ ልጇ እኛ ቤት መጥቶ ሊጫወት ሲል፣ አለርጂ እንደምትጠይቅ ሁሉ "ቤታችሁ መሳሪያ አለ?" አለችኝ። በኛ ባህል ነውር ነው፣ ሰው ቤት ገብተህ ጓዳ እንደመፈተሽ ነው። ፊቴ ጋለ። ግን አልዋሸሁም፣ አለ፣ ሴፍ ውስጥ ነው፣ በጣቴ አሻራ ካልሆነ አይከፈትም አልኳት። አመሰገነችኝ፣ በጣም ትሁት ነበረች። ከዛን ቀን ወዲህ ልጆቹ የሚጫወቱት እነሱ ቤት ነው። ባለቤቴ ይሄን ስነግራት ምንም አላለችም፣ እንደሱ ዝም የምትለው ደግሞ ትክክል ስትሆን ነው።

እኔ አሁን ቀን ሺፍት ነኝ። ያችን ለመቀየር ባለቤቱን አንድ ቀን ለምኜ ነው፣ ሳንቲም አላወጣሁም፣ ልቤም ድው ማለቱን ተወ። ሽጉጡ ሴፍ ውስጥ አለ፣ በአመት ሁለቴ ቨርጂኒያ ውስጥ የተኩስ መለማመጃ ሬንጅ እሄዳለሁ። ባለፈው አባዬ ደውሎ ስለሱ ጠየቀኝ፣ ስንት ጥይት እንደተኮስኩ። 50 አልኩት።

"ምን ላይ?"

"ወረቀት ላይ።"

"ወረቀት?" አለኝ። ከዛ ስልኩን ለእማዬ ሰጣት።