ቪትዛችንን ለአረጋውያን መርጃ ስንሰጥ

ቪትዛችንን ለመስጠት የወሰንነው ባለፈው ታኅሣሥ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ የፊት መስታወቷን እንደ ጨው ለብሶት ባደረ አንድ ማለዳ ነው። የ2000 ሞዴል ትንሽ ቶዮታ መኪና ናት፤ ሞተሯ አንድ ሺህ ሲሲ አይሞላም። ከጃፓን ስትመጣ በቀኝ የነበረው መሪዋ ወደ ግራ ዞሮላት ሲያበቃ የፍሬቻው እጀታ በቀኝ፣ የዝናብ መጥረጊያው እጀታ በግራ ስለቀረ፣ አዲስ ሰው ሲነዳት ሊታጠፍ አስቦ መስታወት ይጠርጋል። በ2005 ዓ.ም. ከገዛናት ጀምሮ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ስታመላልስ ኖራለች። አሁን ልጆቹ አዲስ አበባ ገብተዋል፤ እኔና ባለቤቴ ደግሞ ወደ ሥራ የምንሄደው በእግራችን ነው፤ ቪትዟም ከሳምንት እስከ ሳምንት ግቢ ውስጥ ቆማ ባትሪዋን መጨረስ ሥራዋ ሆኗል።

አሮጌ መኪና መስጠት ቀላል ነገር ነው የሚል ካለ የአገራችንን የመኪና ገበያ አያውቀውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው እያከበደ ቀረጣቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ቪትዝ ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር ዋጋዋ የሚንር ጉደኛ ንብረት ሆነች፤ እኛም ዘንድ ከገዛንበት ብዙ እጥፍ የሚከፍል ገዢ አለኝ ያለ ደላላ በር ድረስ መጥቶ ነበር።

አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ አሳባችንን ሲሰማ ሳቀ። እሱም የራሱን አሮጌ መኪና ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጥቶ ያውቃል፤ ስልክ ደወለ፣ መጥተው ጎትተው ወሰዷት፣ በጨረታም ሸጧት። እዚያ ዋጋዋ ከ500 ዶላር በላይ የሆነ መኪና እንዲህ ተሰጥታ ስትሸጥ ሰጪው ከግብሩ ስሌት የሚያስቀንሰው አብዛኛውን ጊዜ የተሸጠችበትን ዋጋ ብቻ ነው። በእኛ አገር የገቢ ግብር አዋጅ ለበጎ አድራጎት የተሰጠን ስጦታ በወጪ የሚይዘው ለነጋዴ ነው፤ ያውም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ሳያልፍ። እንደ እኔ ያለ ደመወዝተኛ በዚህ በኩል የሚያገኘው ነገር የለም፤ አልከፋኝም፤ ሒሳቡን ግን አስቀድሞ ማወቅ ደግ ነው።

ወደ መርጃ ማዕከሉ የሄድኩት ምስጋና እንደሚጠብቀኝ ገምቼ ነበር። ኃላፊዋ ሻይ አስቀርበው በጥሞና አዳመጡኝና፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ለመሆኑ የዓመቱ ኢንሹራንስና ቦሎ ተከፍሏል?» አሉኝ። አልተከፈለም አልኳቸው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከአጥሩ ሥር ጎማ የሌላት አንዲት ነጭ መኪና በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ የፊት መብራቷ ወልቋል፣ ከሥሯ አንዲት ዶሮ ታቅፋለች። «ይችም ስጦታ ነበረች» አሉ። «የሰጡን ሰው ተመርቀው ሄዱ፤ እኛ ግን ለጥገናዋ ያወጣነው የሁለት ወር ዱቄት ይገዛ ነበር።»

ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ልቤን መርምሬ ስጠይቀው፣ ከመስጠቱ ይልቅ ከጥገናው መገላገሉ እንደ ሳበኝ አልካደኝም። ሸጠን ገንዘቡን እንስጣችሁ ብላቸው ደግሞ አንገራገሩ። የሚያስፈልጋቸው አረጋውያኑን ሆስፒታል የምታደርስ መኪና ነበረች፤ በባጃጅ ሲያመላልሷቸው ብርዱ ለታመመ ሽማግሌ አይሆንም። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማችን ስስ አየር የቪትዟ ትንሽ ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፤ እህል ጭና ከመንዝ ትምጣ ወይም ሰው ሞልታ ጣርማ በርን ትውጣ ቢባል መከራዋን ታያለች፤ ከመርጃው እስከ ሆስፒታሉ አንድ በሽተኛና አንድ አስታማሚ ይዞ መሄድ ግን አያቅታትም።

ስለዚህ አስቀድመን ጋራዥ አስገባናት። የፍሬን ሸራ ተቀየረላት፣ የፊት ኩሽኔታና ባትሪ ተገዛላት፣ የተበሳችው ማርሚታ ተበየደች፣ የዓመቱ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስና ቦሎ ተከፈለ። ይህ ሁሉ በሁለት ሳምንት ሲያልቅ ያልጠበቅነው ችግር ከወረቀቱ መጣ። ከስድስት ዓመት በፊት ሞተሯ ተቀይሮ ነበር፤ ሊብሬዋ ላይ ያለው ግን የድሮው ሞተር ቁጥር ነው። የሞተር ቁጥሩ ሳይስተካከል ስም ማዛወር አይቻልምና ሞተሩን የገዛንበትን ደረሰኝ ፍለጋ የቤቱን ሣጥን ሁሉ ገለበጥነው፤ በመጨረሻ ባለቤቴ ከልጃችን የክትባት ካርድ ጋር ታጥፎ አገኘችው። መኪና ሊሰጥ ያሰበ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ቢያስተያይ ከብዙ ምልልስ ይድናል።

የስጦታውን ውል ለማስመዝገብ ሁለታችንም ሄድን፤ መኪናዋ የጋራ ንብረታችን ስለሆነች የባለቤቴም ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ረቂቁ ላይ «መኪናዋ ለሌላ ወገን እንዳትሸጥ» የሚል ሐረግ አስገብቼ ነበር። ኃላፊዋ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ልጄ፣ ያችን ከጓሮ ያየሃትንም እንዳትሸጥ ብለው ነው የሰጡን» አሉኝ። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀብላ ሐረጉን በአንድ መስመር ሰረዘችው።

ቁልፉን ሳስረክብ ለሾፌሩ የመኪናዋን ጠባይ በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት፦ በውርጭ ጊዜ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ማዞር፣ የኋላውን የግራ በር ከፍ አድርጎ መዝጋት፣ የፍሬቻውን እጀታ በቀኝ መፈለግ። ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ መስቀለኛው ላይ አየኋት። የኋላው ወንበር ላይ ነጭ ጋቢ የተከናነቡ አዛውንት ተቀምጠዋል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ መጥረጊያዋ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ፍሬቻዋ በራና ወደ ሆስፒታሉ ታጠፈች።