ጎመኑን የበላው ነጭ ጤፍ

ደመወዝ ሳይደርስ ገንዘብ ሲያጥር ከወር አስቤዛችን ቀድሞ የሚሰረዘው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ጤፍ አይነካም፤ ዘይት፣ ቀይ ሽንኩርትና በርበሬም እንደ ቤት ኪራይ የተቆረጡ ወጪዎች ሆነው ይቆያሉ። የሚሰረዘው ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ እንቁላሉና የልጆቹ ሙዝ ነው። ስለዚህ በከተማዋ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ቤተሰቦች «ጤናማ አመጋገብ የሀብታም ነገር ነው» ስንባባል፣ መጠየቅ የሚገባን ጎመኑ ከመገዛቱ በፊት ገንዘቡ የት እንደገባ ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ ፍለጋውን የምጀምረው ከጤፉ ነው።

ይህን ስል ኑሮው አልተወደደም እያልኩ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ነገር፣ አብዛኛው የምግብ ዘይታችን ጭምር፣ በብር ሲሰላ ይበልጥ ውድ ሆኗል፤ የነዳጁ ዋጋ ደግሞ በማጓጓዣ በኩል ዞሮ ወደ ቲማቲሙም ወደ ድንቹም ይደርሳል። ችግሩም የእኛ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሌሎች አራት የመንግሥታቱ ድርጅት ተቋማት ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፖርት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 2.8 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ጤናማ ምግብ የመግዛት አቅም እንዳልነበራቸው፣ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ደግሞ ይህ ቁጥር ከሕዝቡ 71.5 በመቶ እንደሚደርስ ገልጿል። ይህን ያህል ሕዝብ በአያያዝ ጉድለት ብቻ እንዲህ ሊሆን አይችልም፤ በዚህም ምክንያት «ድሃ ምን እንደሚበላ ስለማያውቅ ነው» የሚለውን ስብከት አልወደውም። የምጽፈው ገቢው ጨርሶ ለማይበቃ ቤት ሳይሆን፣ እንደ እኛ ሁለት ሰው ሠርቶ ወሩን እየታገለ ለሚዘልቅ ቤት ነው። ዋጋዎችን በብር አልጠቅስም፤ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ ለመጪው ቅዳሜ ያረጃል።

በማዕዳችን መሠረት ግን ዕድለኞች ነን። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያ በየቀኑ ከተለያዩ የምግብ ምድቦች እንድንመገብ ሲመክር፣ ከሚጠቅሳቸው ምድቦች ብዙዎቹ በአንድ ተራ የበያይነቱ ትሪ ላይ ይገኛሉ። እህል የሚጎድለውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ ያሟላል፤ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ደግሞ እህል ይሰጣል። ስለዚህ ሽሮ በእንጀራ የሚበላ ልጅ፣ ሥጋ ባያይም እንኳ፣ ቀላል የማይባል ፕሮቲን እያገኘ ነው። 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲይዝ አንድ እንቁላል የሚይዘው ወደ 6 ግራም ነው። ምስር በዋጋ ከሌሎቹ ጥራጥሬዎች ርቆ ስለሄደ በእኛ ቤት የበዓልና የእንግዳ ወጥ ሆኗል፤ የዘወትሩን ሥራ የሚሠሩት የአተር ክክ፣ ባቄላና ሽምብራ ናቸው። ሽሮውንም በፌስታል የታሸገውን ከመግዛት ጥሬውን ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ቆልቶ፣ ከቅመሙ ጋር መጥኖ ወፍጮ ቤት መላክ ይረክሳል፤ ከሁሉም በላይ ውስጡ ምን እንዳለ ይታወቃል።

እንግዲህ ወደ ጤፉ ልመለስ። እህል በረንዳም ሆነ ሰፈር ውስጥ ያለው እህል ቤት ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ እያለ ይደረድራል፤ ዋጋውም በአብዛኛው በዚሁ ቅደም ተከተል ይወርዳል። ጤፍ ከደቃቅነቱ የተነሣ ልጣጩ ተለይቶ ሊወጣለት ስለማይችል የሚፈጨው እንዳለ ነው። በመሆኑም የማኛውም የሰርገኛውም እንጀራ ሙሉ እህል ነው፤ ለማኛው የምንጨምረው ገንዘብ የሚገዛልን ንጣቱንና ልስላሴውን ነው። በብረት ይዘት ረገድ እንዲያውም ቀዩ ጤፍ ብዙውን ጊዜ ከነጩ ይበልጣል። ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ነገር ይቀንሳል፤ ይህ ጥቅም የሚገኘው ከማቡካቱ እንጂ ከቀለሙ አይደለም።

በእኛ ቤት በማኛና በሰርገኛ መካከል ያለው የአንድ ኩንታል ልዩነት የበርካታ ሳምንታት አትክልት ይሸፍናል። ይህን ሒሳብ ለማንም ሰው ብነግረው አይከራከረኝም፤ ሆኖም እንግዳ ሲመጣ ጠቆር ያለ እንጀራ ማቅረብ ለብዙዎቻችን ዛሬም ያሳፍራል። የባለቤቴ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰርገኛውን ባቀረብንላቸው ጊዜ ሳቅ እያሉ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ድሮ የሠራተኛ እንጀራ ነበር» አሉኝ፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው። ዛሬ ግን የብረቱ ነገር በየመገናኛ ብዙኃኑ ስለተነገረለት ቀዩም ከዱሮው ንቀት ወጥቶ ዋጋው ወደ ላይ እየሄደ ነው። ስለዚህ ለቦርሳችን የሚመቸው ሰርገኛው ነው። በሌላ በኩል እንጀራው እንዲነጣና እንዲረክስ ሩዝ መቀላቀል አሁን የተለመደ ሆኗል፤ ይህን አልመክርም፤ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ከጤፉ ጋር ሲነጻጸር በብረቱም በቃጫውም ድሃ ነው። መቀላቀል ግድ ከሆነ ገብስ ወይም ማሽላ ይሻላል።

የአገዛዙም ነገር ከዓይነቱ አያንስም። አዲሱ ጤፍ ከኅዳር ጀምሮ ታጭዶና ተወቅቶ ገበያ ሲደርስ ዋጋው ረገብ ይላል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ይወጣል። በጥር ኩንታል መግዛት በነሐሴ በኪሎ ከመግዛት እንደሚሻል ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚጎድለን በአንድ ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ ነው። በችርቻሮ የሚገዛ ድሃ ከጅምላ ገዢው ሀብታም ይልቅ ለአንድ ኪሎ የበለጠ የሚከፍለውም በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ ደረጃ ያለን ጎረቤታሞች የፈታነው በእቁብ ነው፤ ዕጣው ከመኸር በኋላ የሚወጣለት ሰው በገንዘቡ ጤፍ ይገዛል፣ ዕጣው ያልደረሰውም ከዚያው ኩንታል በገዛበት ዋጋ ይካፈላል። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሩም ጤፍ በሚያመጣበት ጊዜ ሰልፉ ይረዝማል እንጂ ዋጋው ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የሚበላው እንጀራ የሚያንሰው ከላዩ ያለው ሲበዛ ነው። ሦስት እንጀራ በአንድ ጭልፋ ሽሮ የሚበላ ሰው ሽሮው ላይ ጎመንና ካሮት ሲጨመርለት ሁለት እንጀራ ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ እኛ ዘንድ ይህ ሩቅ ነው፣ ነገር ግን ከጤፉ የተረፈው ገንዘብ ወደዚያ ያስጠጋል።

ሌላው ቋሚ ወጪ ሽንኩርትና ዘይት ነው። ቀይ ወጥ ያለ ብዙ ሽንኩርት አይሆንም፤ አልጫ ግን በጥቂቱ ይበቃዋል፣ ፎሶሊያና ቀይ ሥር በድንችም እንዲሁ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ጠብ እያደረጉ በውሃ አብስሎ ዘይቱን በኋላ ማከል እናቶቻችን ያስተማሩን ነው፤ የሚገርመው ዘይት በጄሪካን መግዛት ከጀመርን ወዲህ መዘንጋታችን ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከረው ዓይነት ስብ ስለሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ለኪስ የሚጠቅመው ለጤናም ይጠቅማል።

አሁን ስለ አካባቢያችን። የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ከእኛው ሰፈር፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። የመቂና የባቱ ቲማቲምና ሽንኩርት በአይሱዙ ተጭኖ በዚሁ መንገድ ደጃችንን አልፎ ወደ ከተማው ይገባል። የአትክልት ጅምላ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወቅት ከፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። እዚያ ተራግፎ፣ በደላላና በአከፋፋይ እጅ አልፎ፣ በሌላ መኪና ተጭኖ ያንኑ መንገድ ወደ ጉልታችን ይመለሳል። ሲመለስም የሁለት ጉዞ ዋጋና የሦስት ሰው ትርፍ ተሸክሞ ነው፤ ቲማቲሙም ቢሆን ጠዋት በደጃችን ሲያልፍ የነበረውን ጥንካሬ አይዝም። የጉልት ሴቶችን አልወቅስም፤ ፀሐይና አቧራ ላይ ውለው የሚያተርፉት ጥቂት ነው። በመደብ ሲገዛ ግን መደቡን በዓይን ብቻ ሳይሆን በኪሎ መገመት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ መደብ በኪሎ ሲሰላ ከሱፐርማርኬቱ ይወደዳል። የእሑድ ገበያው በተሻለ ዋጋ ያቀርባል። ወደ ጅምላው ገበያ በታክሲ መሄድ ደግሞ የሚያዋጣው ቢያንስ ሦስት ቤት ተባብሮ አንድ ሰው ሲልክ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ከሽንኩርቱ የተረፈው በመመለሻው ያልቃል።

ርካሽ ሁሉ ደግሞ አይገዛም። በአቃቂ ወንዝ ዳር ቆስጣና ሰላጣ ለምልሞ ይታያል፤ ዋጋውም ጥሩ ነው። ነገር ግን ወንዙ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ የሚወርድበት ስለሆነ፣ በዚያ ውሃ በሚለማ አትክልት ውስጥ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረታ ብረቶች እንደሚገኙ ተደጋግሞ ተጠንቷል። ጀርሙን ማጠብና ማብሰል ያስወግደዋል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ከባድ ብረት ግን ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ አያወጣውም። እኛ ቆስጣውን ትተን፣ ከየት እንደመጣ ጠይቀን ሐበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን እንገዛለን።

የጥራጥሬ ርካሽነት ውስጥ የተደበቀ ወጪም አለ፤ እርሱም ማገዶው ነው። ባቄላና ሽምብራ ሳይዘፈዘፉ ከተጣዱ ከሰሉ ወይም መብራቱ የቆጠብነውን ይበላዋል፤ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ጠዋት ውሃውን ደፍቶ መቀቀል ሰዓቱን በእጅጉ ያሳጥራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ ይህ ቀላል አይደለም፤ የመዘፍዘፊያው ቀን ውሃ ከሚመጣበት ቀን ጋር እንዲገጥም መደረግ አለበት። ለተቀቀለው ምግብ ደግሞ ሁለት ነገሮች ገንዘብ አይጠይቁም። ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ አብሮ ሲበላ ቪታሚን ሲው ብረቱ ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል፤ ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ያግዱታል። ቡናውን ከምሳ በኋላ ጥቂት ማዘግየት ለእኔ ከሁሉም ምክር ይልቅ ከባዱ ነው።

የአስቤዛ ዕቅድ ያለ ባሕረ ሐሳብም አይሠራም። ከረቡዕና ዓርብ በተጨማሪ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ሲገባ የአትክልቱ ፈላጊ ይበዛል፣ የእንቁላሉ ያንሳል። ለማይጾሙ ሕፃናት እንቁላል ማብዛት የሚቻለው ያኔ ነው፤ ለፋሲካ ዋዜማ የተተወ እንቁላልና ዶሮ ግን የሚገዛው በበዓል ዋጋ ነው። ቪታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው በዋነኝነት ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ ትልልቆቹም ከጾም ውጭ ባሉት ወራት ይህን ማሟላት አለባቸው፤ ለዚህም ቅርጫ ከሉካንዳ ይሻላል። ከመደቡ የሚገኘው ሥጋና አጥንት ለሉካንዳ ከሚከፈለው ያነሰ ዋጋ አለው፤ አጥንቱም የክክ ወጥ ያጣፍጣል።

ለልጆች መክሰስ ብዙ አልልም። ቆሎ፣ ንፍሮና በነሐሴና በመስከረም የሚደርሰው የበቆሎ እሸት ከብስኩቱና ከጣፋጭ መጠጡ ይረክሳሉ፤ ያጠግባሉም። ልጆቹ ግን በትምህርት ቤት የጓደኞቻቸውን ምሳ ዕቃ ያያሉ፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ብስኩቱን ፈቅደን በቀሪዎቹ ቀናት ሰላም እናገኛለን።

መላ ያላገኘሁለት ወተት ነው። የከብቶቹ ፋጉሎና የድርቆሽ ዋጋ እየናረ በመሄዱ ከቢሾፍቱም ሆነ ከሱሉልታ የሚመጣው ወተት ከወር ወር ይጨምራል፤ እንደ ጤፉ በመኸር ገዝቶ ማስቀመጥም፣ እንደ ጥራጥሬው በሌላ መተካትም አይቻልም። የዱቄቱን ወተት ሞክረነው ዋጋው የባሰ ሆነ። ለጊዜው የሚገዛው ወተት ለትንሿ ልጃችን ብቻ ነው፤ ትልልቆቹ እርጎ የሚያገኙት ደመወዝ በወጣበት ሳምንት ነው።