ስንት ሰከንድ ጠበቅሽው?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የመልእክት ወረፋውን የያዘው ሰርቨር ዲስኩ ሞልቷል። መቶ በመቶ። ተረኛዋ እኔ ነኝ።

ገብቼ ሳይ አንድ የሎግ ፋይል፣ ፕሮግራሙ የሥራውን ማስታወሻ የሚጽፍበት፣ ብቻውን 38 ጊጋባይት ይዞ ተኝቷል። እንዲህ ያለ ፋይል ሳገኝ ደስ ይለኛል። ጥፋተኛው ቁልጭ ብሎ ሲታይ ሥራው ያለቀ ይመስላላ። በአርኤም አጠፋሁት። ከዚያ ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ በዲኤፍ አየሁ። አሁንም መቶ በመቶ።

ዲዩ ግን ሌላ ነው የሚለው። እሱ ፎልደሮቹን ሲደምር ዲስኩ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው። ሁለቱ ትእዛዞች ተጣሉና እኔ መሀላቸው ቆምኩ።

ነገሩን የማላውቀው ሆኜ አይደለም። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ግን የሚያውቀው ነገር ትዝ የሚለው ዘግይቶ ነው። ፋይል ስናጠፋ የምናጠፋው ስሙን ነው። ዴሞኑ፣ ማለትም ወረፋውን ከጀርባ ሆኖ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ፋይሉን ከፍቶ እስከያዘው ድረስ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ይቆያል። የተከፈቱ ፋይሎችን በሚያሳየው በኤልሶፍ ስፈትሽ እውነትም አለ፤ አጠገቡ "የተሰረዘ" የሚል ምልክት ተለጥፎበታል። ስም የሌለው፣ የማይታይ፣ ቦታ ግን የማይለቅ። ጋኔን ማለት ይሄ ነው አልኩ ለራሴ። (ዴሞን የሚለው ስም እንኳ የመጣው ከፊዚክሱ የማክስዌል ጋኔን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኤምአይቲ ውስጥ የፕሮጀክት ማክ ሰዎች ናቸው ያወጡለት። የእነሱ ጋኔን ከጀርባ ሆኖ ሳይታክት የሚሠራ ነው። የእኔው ግን ያን ሌሊት ጠባዩ ሌላ ነበር።)

እንግዲህ ፋይሉን እንዲለቅ ዴሞኑ ወርዶ መነሳት አለበት። ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ብዬ ኢንተር መታሁ።

ዝም።

ከርሰሩ ብልጭ ድርግም ይላል። ዝም። ስልኬ ግን ዝም አላለም፤ በየደቂቃው አዲስ ማስጠንቀቂያ ይተፋል። ሁለተኛ ተርሚናል ከፈትኩና በግድ በሚገድለው ትእዛዝ፣ ኪል ማይነስ 9 አልኩት።

ዲስኩ ወዲያው ተነፈሰ። 52 በመቶ። "እሰይ!" አልኩ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ።

ደስታዬ 10 ሰከንድ አልቆየም። ይህን ስል ለማጋነን አይደለም። ዴሞኖችን የሚያስነሳውና የሚያወርደው ሲስተምዲ ሊያስነሳው ሞከረ፣ ወደቀ። ሞከረ፣ ወደቀ። በዲፎልት፣ ማለት ማንም ካልቀየረው፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከሞከረ ይበቃኛል ብሎ ይተወዋል። ተወውም።

ምክንያቱ የሎክ ፋይል ነበር። ይህ ዴሞን ሲነሳ "አለሁ" የሚል ፋይል ያስቀምጣል፣ በሰላም ሲወጣ ያነሳዋል። በማይነስ 9 የሄደ ግን ምንም አያነሳም። ማይነስ 9 የሚልከው ሲግኪል ለፕሮግራሙ የሚነገር ነገር አይደለም፤ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነሉ ራሱ ነው የሚጨርሰው። ኑዛዜ የለም። አዲሱ ሲመጣ የሟቹን ወረቀት ያነብና "ሰው አለ" ብሎ ይመለሳል። ፋይሉን አነሳሁ፣ ሲስተምዲን ሪሴት ፌይልድ ብዬ አስታረቅሁ፣ ተነሳ። ከሜሞሪ ወደ ዲስክ ያልተጻፉት 1,100 የሚሆኑ መልእክቶች ግን በዚያው ቀሩ።

ጠዋት ሲኒየራችን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ስንት ሰከንድ ጠበቅሽው?"

"ምኑን?"

"ሪስታርት ካልሽው በኋላ። ከመግደልሽ በፊት።"

"ትንሽ ጠብቄያለሁ።"

"ትንሽ ስንት ነው?"

የትእዛዝ ታሪኩ ላይ ሰዓቱ ተመዝግቧል። አይቶ ነው የመጣው። "11" አልኩ።

"ዲፎልቱ 90 ነው።"

ድምፁን አልጨመረም። እሱ ነው ያበሸቀኝ። ቢጮህ ኖሮ እኔም ጮኼ እንገላገል ነበር።

እኔም የምለው አላጣሁም። ሪስታርት መጀመሪያ ሲግተርም ነው የሚልከው፣ "ዕቃህን ሰብስብና ውጣ" ማለት ነው። ዴሞኑም ሜሞሪ ላይ ያለውን ዲስክ ላይ ሊጽፍ እየታገለ ነበር። ዲስኩ ሞልቶ የት ይጽፋል? 90 ብጠብቅም ላይጨርስ ይችላል።

"ይሆናል" አለ። "ግን አልጠበቅሽም።"

"ከ90 በኋላ እኮ ሲስተምዲ ራሱ በሲግኪል ይገድለው ነበር!"

"አዎ። ያኔ ሲስተምዲ ገደለው ይባላል።"

ይህን መልስ ሻወር ውስጥ ሆኜ ሳይቀር ስመልሰው ከረምኩ። እስካሁን የሚረታው አላገኘሁም። ሲነሳ ደግሞ "ፋይሉን ከማጥፋት ባዶ ብታደርጊው ኖሮ ዴሞኑን መንካትም ባላስፈለገሽ" ብሎኝ ሄደ። ይሄኛውስ ልክ ነው። ትራንኬት ብለው በቂ ነበር።

ከሰዓት ሪፖርቱ ወጣ። "ተረኛዋ ባለሙያ ፕሮሰሱን በማይነስ 9 ገደለች፤ በዚህም ምክንያት መልእክቶች ጠፉ" ይላል። ገደለች። ከዚያ ሁለት መስመር ከፍ ብሎ ደግሞ "የሎጉ ደረጃ ለምርመራ ወደ ዲበግ ከፍ ተደርጎ ነበር" ይላል።

ተደርጎ ነበር። በማን? አማርኛ ለዚህ ደግ ነው። "ተደረገ" የምትል ቃል ስንቱን ታስጠልላለች መሰላችሁ። ያ ሎግ በተለመደው በኢንፎ ደረጃ ሲጻፍ በሳምንት ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው። እያንዳንዷን ነገር የሚጽፈው ዲበግ ሆኖ፣ ተረስቶ፣ ሦስት ሳምንት ሲቆይ ነው 38 ጊጋ የሆነው። ደረጃው የሚወሰንበት የኮንፊግ ፋይል ለውጥን ሁሉ በሚመዘግበው ጊት ውስጥ ስለሆነ ማን እንደቀየረው፣ በስንት ሰዓት እንደቀየረው ሁሉ አለ። ከፍቼ አየሁ። ስሙን አልጽፍም። ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ግን ያውቀዋል። እጅግ በቅርብ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ ወዲህ 90 ሰከንድ እጠብቃለሁ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እቆጥራለሁ። 90 ሰከንድ ሌሊት ላይ ስንት እንደሆነ ያልቆጠረ አያውቀውም። አብዛኛውን ጊዜ ዴሞኑ ገና 20 ሳይሞላ ይወርዳል።

ባለፈው ሳምንት በሲኒየራችን ተራ ሌሊት ሌላ ዴሞን አልወርድ ብሎ ነበር። ጠዋት እንደገባሁ የትእዛዝ ታሪኩን ከፈትኩ።

14 ሰከንድ።

ሪፖርቱ ላይ "ፕሮሰሱ እንዲቆም ተደርጓል" ይላል።