ብርቱካንና የክብሪት እንጨት

ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ሌሊት

ሱፐርሲሜትሪ በሉል ላይም እንደሚጸና የማሳይበት ሒሳቤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልዘጋ ብሎኝ ከረመ። ዛሬ ዘጋ።

ሱፐርሲሜትሪ የሚባለው የፊዚክስ ሐሳብ እንደ ብርሃን ቅንጣት ያሉትን ቦዞኖችና እንደ ኤሌክትሮን ያሉትን ፌርሚዮኖች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያዛምዳል። አንዱን ወደ ሌላው በምንለውጥበት ጊዜ የምንጠቀምበት ስፒነር (እንደ ቀስት አቅጣጫ ያለው የሒሳብ ነገር) በዝርግ ሕዋ ላይ በሁሉም ቦታ ያው ነው። ሕዋው ሲጎብጥ ግን «ያው» ማለት ራሱ ትርጉም ያጣል። ከምሳ በኋላ ይህን ለታናሽ እህቴ ላሳያት ብዬ አንድ ብርቱካን አነሣሁና የክብሪት እንጨት አናቱ ላይ አጋደምኩ። ሳላዞረው እስከ ወገቡ አወረድኩት፤ የወገቡን ሩብ አስኬድኩት፤ ወደ አናቱ መለስኩት። እንጨቱ 90 ዲግሪ ዞሮ ተገኘ።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ አላዞርከውም!» አለችኝ።

ይህን ቃሏን ይዤ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወረድኩ። አባ ኮዳዎቹ ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር የዓሣ ራስ ይሻማሉ፤ እኔ ስለ ብርቱካኑ አስባለሁ። ሁለት ሳምንት ስሕተቱን በራሴ እጅ ሥራ ውስጥ ስፈልግ ቆይቻለሁ፤ ለካ ሕዋውም የሚሠራው ሥራ አለ። በሉል ላይ በዊልሄልም ኪሊንግ ስም የሚጠራውን ቀመር የሚታዘዝ፣ አለዋወጡ ሥርዓት ያለው ስፒነር እንይዛለን። እሱን ይዤ ነበር። የዘነጋሁት የስካላር መስኩን (በየነጥቡ አንድ ቁጥር ብቻ ያለውን መስክ) ነው፦ በአራት ልኬት ሉል ላይ፣ 2 ለራዲየሱ ስኩዌር ተካፍሎ የሚገኝ፣ መጠነ ቁስ የሚመስል ክፍል ጉብጠቱ ይጨምርበታል።

እንዴት ናቅኩት! የፊዚክስ ተመራማሪው ቫሲሊ ፔስቱን እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳየው ድንቅ ውጤት የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ተለዋዋጮቹ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የመስኮች ኢንቲግራል (የሁሉም ድምር) ተሰብስቦ በአንድ ማትሪክስ (የቁጥሮች ሰንጠረዥ) ላይ የሚሠራ ኢንቲግራል ይሆናል፤ ውጤቱም ግምታዊ ሳይሆን ትክክለኛ ነው። ለእያንዳንዱ ማትሪክስ ክብደቱን የሚሰጠው ያ የናቅኩት ክፍል ከረዳት መስኩ (ስሌቱን ለማሟላት ከሚጨመረው መስክ) ጋር ሆኖ ነው። ኢንስታንተኖቹም (በሕዋም በጊዜም አንድ ቦታ ላይ የተሰበሰቡት የመስክ ቅርጾች) በሁለቱ ዋልታዎች ብቻ ይቀራሉ፤ የተመረጠው የሱፐርሲሜትሪ ለውጥ ሁለት ጊዜ ሲደገም ሉሉን ያሽከረክራል፣ ሲሽከረከርም ከቦታቸው የማይነቃነቁት ዋልታዎቹ ብቻ ናቸው። ዝርግ ሕዋ ወሰን ስለሌለው ኢንቲግራሉን አስቸጋሪ ያደርገዋል፤ ሉሉ ግን መጠን አለው። እንቅፋት ነው ብዬ የፈራሁት ጉብጠት ስሌቱን የሚያስችለው እሱ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህ ልቤን ይነካዋል።

ቤት ስገባ መብራት አልነበረም። በሻማ ብርሃን ያንን ክፍል ጨምሬ ከመጀመሪያው ጻፍኩ። አራተኛው ገጽ ላይ የተረፉት የቀመሩ ክፍሎች ሁሉ እርስ በርሳቸው ተሰረዙ፤ ዜሮ። እህቴን ቀስቅሼ አሳየኋት።